ከቡፌው ጀርባ የተቆረጠ ፒክጋርድ

«ይሄ ጊታር ሆዱ ተዘርግፏል። ቅዳሜ በዚህ መድረክ ላይ አትወጪም።»

ፊት ለፊቴ ነው ያለኝ፣ ሻዩን እያማሰለ፣ ቀና እንኳ ሳይል። የባንዳችን መሪ ነው፤ ኪቦርድ የሚመታው እሱ ነው። ድራመሩና ቤዝ የሚመታው ልጅ ገመድ የሚጠቀልሉ መስለው አጎነበሱ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ላንቻ፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ባለችው የልምምድ ክፍላችን ውስጥ ነበርን።

«ፕላስተር አድርጌበታለሁ እኮ። ይሠራል» አልኩት።

«መሥራቱንማ ሰማሁት። ግን ሰርግ ነው እህቴ። ሰው ቪዲዮ ያስቀርጻል። ሙሽራዋ ዕድሜዋን ሙሉ የምታየው ቪዲዮ ላይ ያንቺ ፕላስተር ይግባ?»

«እሺ፣ አስተካክለዋለሁ።»

«እስከ ዓርብ። ዓርብ አስተካክለሽ ካመጣሽው እሰየው። ካልሆነ ጊታር የሚመታ ሰው አላጣም።»

ሆዱ ያለው ፒክጋርዱን ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ፣ ከክሮቹ ሥር፣ ደረቱ ላይ በብሎን የሚታሰር ጠምዘዝ ያለ ስስ ፕላስቲክ አለ። ላየው ሰው ጌጥ ይመስላል። አይደለም። የክሩን ድምፅ የሚለቅሙት ሦስቱ ፒክአፖች፣ የድምፅ ማዞሪያዎቹ፣ ማብሪያው፣ ሁሉም የሚታሰሩት እሱ ላይ ነው። እሱ ከሌለ ሁሉም ነገር በሽቦ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የኔው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ከላንቻ ወደ ካዛንቺስ ስመለስ ታክሲ ውስጥ አራት ቦታ ተሰበረ። የጊታሩ ቦርሳ ስስ ጨርቅ ነው፤ ወለሉ ላይ አስተኝቼው ነበር። አንዲት ሴትዮ «ወራጅ!» ብላ ተነሣችና ሙሉ ክብደቷን አሳርፋበት ወረደች። «ውይ ይቅርታ የኔ ቆንጆ፣ ምንጣፍ መስሎኝ» ብላኝ ሄደች። ምንጣፍ!

አምስት ወር ተለማምጃለሁ። ባንዱ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ጊታሩን ተሸክሜ በሩ ላይ ቆሜ «ድምፃዊ ነሽ?» ነው ያሉኝ። ጎረቤት ይጠይቀኛል፤ ፀጉር የማጥብበት ሴቶች ፀጉር ቤት ያሉት ደንበኞች ይጠይቁኛል፤ «ትዘፍኛለሽ?» አልዘፍንም። ጊታር ነው የምመታው። ያቺ ቅዳሜ ደግሞ ጊታር ይዤ ሰው ፊት የምቆምባት የመጀመሪያዋ ቀን ነበረች። በፕላስቲክ ሳቢያ እንድታመልጠኝ አልፈልግም ነበር። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ረቡዕ ጠዋት ፒያሳ ያሉትን የሙዚቃ ዕቃ ቤቶች አዳረስኩ። ጊታር አለ፣ ክር አለ፣ ማንጠልጠያ አለ። ፒክጋርድ ብቻውን የሚሸጥ የለም። አንዱ ሻጭ «ሌላ ጊታር ግዢና ከሱ ላይ ፈትተሽ ውሰጂ» ብሎ መከረኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ሰፈሬ ስመለስ ከቤታችን በላይ ያሉትን ማስታወቂያ ሠሪ አየሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ የሱቅ ታፔላ ይሠራሉ። በራቸው ላይ የአሮጌ ታፔላ ቁርጥራጭ ተደርድሯል።

«ጋሼ፣ የማይፈልጉት ፕላስቲክ ይኖርዎታል? ይህን የሚያክል?»

«ለምንድን ነው ልጄ?»

«ለጊታር።»

«የወንድምሽ ነው?»

«የኔ ነው።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አይ ጊዜ!» አሉና ከቁርጥራጩ መሃል ነጭ ፕላስቲክ መዘዙልኝ። ክሊኒኩን ዘግቶ የሄደ የጥርስ ሐኪም ታፔላ ነው። አንደኛው ፊቱ መከላከያ ወረቀት እንደተለጠፈበት ንጹሕ ነው፤ በሌላኛው ላይ ቀይ የስቲከር ፊደሎች ግማሾቹ ተልጠው «ጥርስ እንነቅ» የሚል ቀርቷል።

«ንጹሑን ወደ ውጭ አድርጊው። ስትቆርጪ ደግሞ ቀስ። ከቸኮልሽ ይቀልጥብሻል።»

እኔን ቀስ በይ ማለት ዝናብን ቀስ በል እንደማለት ነው። ይዤው እየሮጥኩ ገባሁ።

ቤታችን የቀበሌ ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል። ይፈርሳል ከተባለ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከኛ በታች ያለው ግማሹ መንደር ፈርሶ ፎቅ በቅሎበታል፤ እኛ ግን እዚያው ነን። ስለሚፈርስ ግድግዳው አይቀባም፣ ወለሉ አይጠገንም፣ መሣሪያም አይገዛም። ያለኝ እጀታ የሌለው የሴጌቶ ምላጭ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ የኩሽና ቢላ፣ ወስፌና የተበላ ሞረድ ነበር። ምላጩን እጄን እንዳይቆርጠኝ በአሮጌ ካልሲ ጠቀለልኩት።

አራቱን ስብርባሪዎች ካርቶን ላይ ገጣጥሜ ዙሪያቸውን በእርሳስ ነደፍኩ፤ የብሎኖቹን ቀዳዳ፣ የፒክአፖቹን ሦስት ረዣዥም መስኮቶች ሳይቀር። ካርቶኑን በመቀስ ቆርጬ ፕላስቲኩ ላይ፣ በወረቀቱ በኩል አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ ነደፍኩት። መቁረጥ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ጀመርኩ፤ ሁለት ጣት ያህል ሄድኩና ሰለቸኝ፤ ፈጠን ሳደርገው ፕላስቲኩ ጋለና ምላጩን ነክሶ ያዘው። አልወጣም አለ። ውሃ አፈሰስኩበት። ወጣ። እንደገና ያዘው። ቀዳዳዎቹን ደግሞ በከሰል ባጋልኩት ሚስማር በሳኋቸው፤ ዙሪያቸው እንደ ኪንታሮት አበጠ፤ ቤቱ ክርፋት በክርፋት ሆነ። ጎረቤታችን በመስኮት አንገቷን አስገብታ «ጎማ ነው የምታቃጥይው? ልጅ ተኝቶብኛል እኮ!» አለችኝ።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ጊታሩ ላይ ሳስቀምጠው አልገጠመም። አዞርኩት። አልገጠመም። ገለበጥኩት፤ ገጠመ።

ካርቶኑን ገልብጬ ነበር ያስቀመጥኩት። አንድ ፊቱ የብስኩት ሥዕል አለበት፤ ሌላው ባዶ ነው፤ የነደፍኩት በባዶው ላይ ሆኖ ሳለ ሥዕሉን ወደ ላይ አድርጌ ፕላስቲኩ ላይ ነደፍኩት። ስለዚህ ፒክጋርዱ የሚገጥመው ንጹሑ ፊት ወደ ውስጥ፣ ፊደሎቹ ወደ ውጭ ሲሆኑ ብቻ ነው። ሰርግ ላይ ደረቴ ላይ «ጥርስ እንነቅ» ብዬ ልወጣ ነው! ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ካርቶኑን ብጭቅጭቁን አወጣሁት።

ያኔ ቆም ብል ይሻል ነበር። አልቆምኩም። ፊደሎቹን በጥፍሬ ላጥኳቸው፤ ሙጫቸው ግን ቀረ፤ ቢጫ፣ አቧራ የሚይዝ ሙጫ። በማግስቱ ፀጉር ቤት ይዤው ሄድኩ። እዚያ አሴቶን አለ፤ የጥፍር ቀለም የምናስለቅቅበት። እኛ ፀጉር ቤት ያልለቀቀ ነገር ሁሉ በአሴቶን ነው የሚለቀቀው፦ መስተዋት ላይ የተለጠፈ ማስቲካ፣ ወንበር ላይ የፈሰሰ የፀጉር ቀለም፣ ምኑ ቅጡ። ጥጥ ነክሬ ፈተግኩት። ሙጫው ለቀቀ! ነጭ፣ ንጹሕ ሆነ። ደስ ብሎኝ ለደንበኞች ሁሉ አሳየሁ። አንዷ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር እንደተቀመጠች «ሳህን ነው?» አለችኝ።

የአንዷን ፀጉር አጥቤ ስመለስ ፊቱ ጉም ለብሷል። ጠጋ ብዬ ሳየው ከየቀዳዳው ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ይሄዳል። አውራ ጣቴን ብቻ አሳረፍኩበት፤ ቀጭ አለ። አንዱ ጥግ በእጄ ቀረ። ከዚያ ሌላው።

ቆሻሻ ውስጥ ወረወርኩት። አሠሪዬ «ምን ሆነሽ ነው?» አለች። «ምንም» አልኩ። ምንም አልነበረማ። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ በእጄ ምንም የለም።

አሞኛል ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ። ማስታወቂያ ሠሪው ሱቃቸውን ዘግተዋል፤ ለቅሶ ሄደዋል አሉኝ። ቤት ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ዙሪያዬን ማየት ጀመርኩ፤ ስስ፣ ጠንካራ፣ ጠፍጣፋ ነገር ፍለጋ። ትሪ? ብረት ነው፣ በምን እቆርጠዋለሁ። የመጅሊሱ ጀርባ? ጨርቅ ነው። ከዚያ ዓይኔ ቡፌው ላይ አረፈ።

የእማዬ ቡፌ የቤታችን ትልቁ ዕቃ ነው። ባለ መስተዋት ነው፤ ማንም የማይጠጣባቸው ስድስት ብርጭቆዎች፣ ማንም ያልቀዳበት የሻይ ማንቆርቆሪያና አንድ የሸክላ ውሻ አሉበት። ከግድግዳው ተነሥቶ አያውቅም። ጀርባው ግን ፋይዚት ነው፤ ያቺ ስስ፣ አንድ ፊቷ ነጭ የተቀባ፣ ሌላው ቡናማ የሆነች ጠፍጣፋ እንጨት። ከግድግዳው ሳብ አድርጌ አየሁት። የታችኛው ክፍል በወለሉ ርጥበት አብጦ እንደ ዳቦ ይፈረፈራል። ደህናው ከመስተዋቱ በስተጀርባ ያለው ብቻ ነው።

ብርጭቆዎቹ ተራርቀው ሳይሆን ተጠጋግተው ቢቀመጡ ቀዳዳው አይታይም ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው፤ እንደዚያ ነው ያሰብኩት። በቢላው ጫፍ ትናንሾቹን ሚስማሮች ነቃቀልኩ፣ አንድ ክንድ ያህሉን ቆርጬ አወጣሁ፣ ቡፌውን መልሼ ገፋሁት። አዲስ ካርቶን ነደፍኩ፤ በዚህኛው ላይ «ፊት» ብዬ በትልቁ ጻፍኩበት። ፋይዚቱን በግራ እጄ ወንበር ላይ ተጭኜ በቀኝ እጄ መቁረጥ ጀመርኩ። አይቀልጥም፣ ግን ይንቀጠቀጣል፤ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ምላጩ ይዘላል፤ በዘለለ ቁጥር ነጩ ቀለም ይላጣል። ተሳደብኩ። እንጨቱን፣ ምላጩን፣ ሴትዮዋን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ ሁሉንም ሰደብኩ።

እማዬ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ ገባች። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሳይስተካከል የተቀመጠ ነገር ከሩቅ ይታያታል። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ቡፌውን አየች። ከዚያ እኔን።

«እንታይ ጌርኪ?»

ምን አደረግሽ ማለቷ ነው። እማዬ ትግርኛዋ ከመጣ ነገሩ ከፍቷል።

«እማዬ፣ ስሚኝ፣ ማለቴ…»

«ግድግዳው ይታያል።»

«ብርጭቆዎቹን ትንሽ ጠጋ ካደረግናቸው…»

«ግድግዳው ይታያል ነው የምልሽ! በመስተዋቱ ውስጥ ግድግዳው ይታያል! ሃያ ሁለት ዓመት የያዝኩት ቡፌ!»

«ቤቱ ሊፈርስ ነው ትዪ የለ እንዴ?»

«ቤቱ ይፍረስ እንጂ ቡፌው ይፍረስ አልኩ?»

ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ መጥታ በእጄ ያለውን እንጨት አነሣችው። ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይሄ መቁረጥ ነው? አይጥ የበላው ነው የሚመስለው።»

«የሚይዝልኝ የለማ! ይንቀጠቀጥብኛል። ለነገ ካልደረሰ ቅዳሜ ሌላ ሰው ነው የሚመታው፤ አምስት ወር ሙሉ…» ምላጩን ወለሉ ላይ ወረወርኩት።

እማዬ ነጠላዋን አጥፋ አግዳሚው ወንበር ላይ አነጠፈች፣ እንጨቱን ጫፉ እንዲወጣ አድርጋ አስተካከለችውና ተቀመጠችበት።

«ቁረጪ። ካበላሸሽው አይቀር በደንብ ነው።»

መሣሪያ ያለው ሰው ሞርሳ አለው፤ እንጨቱን በብረት መንጋጋ ያሲዛል። እኛ ቤት እማዬ ተቀመጠችበት። አልተነቃነቀም። አንድ ጎን ስጨርስ ትነሣለች፣ አዞረዋለሁ፣ ትቀመጣለች። ስትቀመጥም አፏ አያርፍም፤ «ወደ ግራ ሄድሽ። መስመሩን ተከተይ እንጂ። ምን ያስቸኩልሻል?»

በመሃል «ሰርጉ ላይ የምትመቺው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ሰው በሚያይሽ ቦታ?»

«ከፊት ነው እማዬ።»

«እንግዲያ ይቺን ጥግ አስተካክያት። ጠማማ ናት።»

ዓርብ ጠዋት ሥራ አልሄድኩም። የፒክአፖቹን መስኮቶች ዙሪያቸውን በወስፌ ቀዳድቼ፣ ቀዳዳዎቹን በቢላ አገናኝቼ፣ መሃሉን ገፍቼ አወጣሁት። ከዚያ ሞረድ፣ ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት። ሁለቱ ፒክአፖች ገቡ፤ ሦስተኛው ግማሽ ጥፍር ያህል እምቢ አለ፤ ሳሰፋው ደግሞ በጣም ሰፋ። ተውኩት። ማዞሪያዎቹን ላስር ስል ሌላ ጉድ፦ ፋይዚቱ ከፕላስቲኩ ይወፍራል፤ ብረታቸው በቀዳዳው አልፎ ዳዶውን ለመያዝ አይደርስም። ከኋላ በኩል በቢላ ጫፍ እየፋቅኩ አሳሳሁት። ሦስት ማዞሪያ፣ ሦስት ጊዜ። አውራ ጣቴ ውሃ ቋጠረ፤ ፈነዳ። አንዲት ቀጭን ሽቦ ደግሞ በጉተታ ተበጠሰች፤ ሚስማር አግዬ ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀልኩትን የብየዳ እርሳስ አቅልጬ አጣበቅኳት። ጠርዙ ቡናማና ሸካራ ስለሆነ ከፀጉር ቤት ባመጣሁት ጥቁር የጥፍር ቀለም ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ጥቁር ቅንድብ ያለው ነገር ሆነ። የሚያምር አልልም። ግን አንድም ነገር አልተንጠለጠለም።

እቤት አምፕሊፋየር የለኝም። ሽቦው ይሥራ አይሥራ የማውቀው ላንቻ ስደርስ ነው። ታክሲ ውስጥ ጊታሩን እንደ ሕፃን አቅፌው ሄድኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ትዘፍኛለሽ?» አለኝ። ጊታሩን ይበልጥ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

ስገባ ሁሉም አሉ። አንድ የማላውቀው ቀጭን ሰውዬ ደግሞ መነጽሩን ፀጉሩ ላይ ሰክቶ አምፕሊፋየሩ አጠገብ፣ እኔ የምቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጧል። የአንዳቸው ጓደኛ መሰለኝ። ጊታሩን አውጥቼ ለመሪያችን ሰጠሁት።

«ኧረ!» አለ። ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ አገላበጠው። «ማን ሠራልሽ?»

«እኔ።»

«ተይ እስቲ። ማን ሠራልሽ?»

«እኔ ራሴ ነኝ አልኩህ። ከእማዬ ቡፌ ቆርጬ።»

ሳቁ። ድራመሩ መጥቶ በጣቱ አንኳኳው፤ «አባቴ! እውነትም ቡፌ!» መሪያችን ራሱ ገመዱን ሰካው። አንድ ክር ነካ፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ሦስቱንም ማዞሪያ ሞከራቸው፤ ሦስቱም ይሠራሉ። እጄን ልቀበለው ዘረጋሁ። እሱ ግን ጊታሩን ወንበሬ ላይ ለተቀመጠው ሰውዬ ሰጠው።

«እስቲ ሞክረው።»

ሰውዬው መታው። ጥሩ ይመታል፤ አልዋሽም። «ይመቻል» አለ፣ «ክሮቹ ትንሽ ከፍ ይላሉ እንጂ።»

«እንዳትቀየሚ» አለኝ መሪያችን። «ትናንት ነው ያነጋገርኩት፤ ከጎተራ ነው የሚመጣው። ሰርግ ነው፣ ሪስክ መውሰድ አልችልም። የሱ ጊታር ደግሞ እኛ አምፕሊፋየር ላይ ይጮኻል፤ ያንቺን ለቅዳሜ ታውሺናለሽ።»

«እስከ ዓርብ ነው ያልከኝ። ዛሬ ዓርብ ነው።»

«አውቃለሁ እኮ። መድረሱን በምን ልወቅ?»

«እኔስ?»

«አንቺማ አብረሽን ትሄጃለሽ! እጅሽ ወርቅ ነው። ገመድ ሲበጠስ፣ ማይክ ሲበላሽ፣ የሚያስተካክል ሰው አጥተን አይደል እንዴ ሁሌ የምንዋረደው?»

«አምስት ወር ጊታር ነው የመታሁት።»

«ማን ካደሽ?»

ሰውዬው መምታቱን ሳያቆም ቀና አለ። «እህት፣ ለኔም አንድ ትሠሪልኛለሽ? ሙሉ ጥቁር ከሆነ አሪፍ ነው።»

«ስጠኝ» አልኩት።

«ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ።»

«አሁን ስጠኝ።»

መሪያችንን አየው። መሪያችን ጣሪያውን አየ። ሰውዬው ሰጠኝ። ገመዱን ነቀልኩ፣ ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ ከተትኩት። ዚፑ ግማሽ ላይ ተያዘ፤ ተውኩት።

«ኧረ እህቴ! ቁጭ በይና እንነጋገር እንጂ! ቅዳሜ በምን እንውጣ?» እያለ እስከ በሩ ተከተለኝ።

ጋራዡ ግቢ ውስጥ ሞተሩ የወረደ መኪና መንገዱን ዘግቶት ነበር። ቦርሳውን ከፍ አድርጌ በጎኑ ሾልኬ አለፍኩና በብረት በሩ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።